ስለ ከተማ ትራንስፖርት፦ «ፈጣን» የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?



ጀሞ የሚኖርና መገናኛ የሚሠራ ሰው በየጠዋቱ የሚገጥመውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ጀሞ ይሰለፋል፣ ሜክሲኮ ወርዶ እንደገና ይሰለፋል። ማታ ደግሞ ታፔላው ላይ የተጻፈው መስመር ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ ይሆናል። አንዱ መስመር ለሁለት ተቆራርጦ ሁለት ሂሳብ ይከፈልበታል። የሳንቲም መልስማ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

ፓርቲያችን ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩና በረዳቱ ላይ አይጭንም። ሾፌሩ የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ አስረክቦ፣ ነዳጁን ችሎ የተረፈችው ናት የራሱ። ሰው ሲበዛ መስመር ቢያቆራርጥ፣ ሰው ሲያንስ «ካልሞላ አልነቃነቅም» ቢል አሠራሩ ራሱ ያስተማረው ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ መጥቷል። እሰየው! ነገር ግን በአንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ የሚከፈለውን ሂሳብ በስልክ ሦስት ጊዜ መክፈል ዘመናዊነት ነው አንልም። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የራሱን ትኬት ይዞ መጣ፤ ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ የሚይዝ ተሳፋሪም እንደ አዲስ ከፈለ። እኛ የምንጠይቀው ለአንድ ጉዞ አንድ ሂሳብ ነው፦ አንድ ካርድ ለ90 ደቂቃ በባቡሩም፣ በአውቶቡሱም፣ በሚኒባሱም ይሥራ። ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ካርዱን ከሰፈር ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ይግዙ።

«ፈጣን አውቶቡስ» የሚለው ቃል ደግሞ ትርጉም ሊበጅለት ይገባል። አውቶቡስን ቀለም ቀብቶ «ፈጣን» ማለት አያፈጥነውም። ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ያስጀመሩት አገልግሎት አውቶቡሱ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ተሳፋሪው ጣቢያው ውስጥ ከፍሎ ይጠብቃል፤ የጣቢያው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ስለሆነ በበርካታ በሮች በአንድ ጊዜ ይገባል። እስቲ እናስላው፦ በር ላይ እያንዳንዱ ሰው ለመክፈል 3 ሰከንድ ቢወስድ 60 ሰው 3 ደቂቃ ይፈጃል። በ10 ፌርማታ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ቀረ ማለት ነው!

ስለዚህ ከተመረጥን ትርጉሙ በከተማው ምክር ቤት ደንብ ሆኖ እንዲወጣ እናደርጋለን። የብቻ መንገድ፣ ከመሳፈር በፊት ክፍያ፣ እኩል ወለል፣ በመስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ። እነዚህን ያላሟላ ጥሩ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፤ በ«ፈጣን» ስም ግን በጀት አይመደብለትም።

ይህ ሁሉ በነፃ ይሆናል ብለን አናታልላችሁም። የአንድ ካርድ አሠራር ከከተማው ካዝና ድጎማ ይፈልጋል። ባለሚኒባሶች በጫኑት ሰው ብዛት ሳይሆን በተጓዙት ኪሎ ሜትር ይከፈላቸው እንላለን፤ ያኔ መስመር ማቆራረጥ ትርፍ አይኖረውም። ረዳቶቹም አይባረሩም። ጣቢያዎቹ ካርድ ሻጭ፣ ተቆጣጣሪና መንገድ ጠቋሚ ይፈልጋሉ፤ ከተማዋን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ቅጥሩ ከእነርሱ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሙከራ ከጀሞ በሜክሲኮ መገናኛ በሚወስደው መስመር ላይ፣ በተመረጥን በአንድ ዓመት ውስጥ ይሆናል።