ቀይ ራስ ስላለው ካክተስ አሻሻጥ

በብዛት ከደቡብ ኮሪያ ተነሥቶ ለዓለም ገበያ የሚቀርበው፣ ራሱ እንደ በርበሬ የቀላው ትንሽ ካክተስ የብዙ ሱቅ ጌጥ ሆኗል። (ባለ ወተቱ የአገራችን ቁልቋል ሌላ ወገን ነው።) አንዳንድ ሻጭ ግን «ውኃ አይሻም፣ አይሞትም» እያለ መሸጡ ንግዱን የሚጎዳ ነው።

ዕቃው በእርግጥ ሁለት ተክል ነው። ቀዩ ራስ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን ከተገኙ ልዩ ችግኞች የመጣ ሲሆን፣ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ለብቻው ምግቡን ሊያዘጋጅ አይችልም። ስለዚህ ተቆርጦ በሌላ አረንጓዴ ካክተስ ግንድ ላይ ይጋጠማል፤ ግንዱም አብዛኛውን ጊዜ ድራገን ፍሩት የተባለውን ፍሬ የሚሰጠው ነው። ይህ የሞቃት አገር ተወላጅ በመሆኑ ውርጭ ይገድለዋል፤ ራሱን ደግሞ የቀትር ፀሐይ ያቃጥለዋል። ውኃ የሚጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ የተተከለበት ሸክላ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል። በመልካም አያያዝም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ጥቂት ዓመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው ሳይቴስ የተባለው ስምምነት አብዛኛውን የካክተስ ንግድ ሲቆጣጠር፣ ይህን ዓይነት በተወሰኑ ግንዶች ላይ ከተጋጠመ ነፃ ማድረጉ ለአስመጪው ይጠቅመዋል።

ገዢው ግን ተክሉ በሞተበት ጊዜ የሚወቅሰው ባለሱቁን ነው። የአያያዙን ደንብ በአንዲት ወረቀት አጽፎ ከሸክላው ላይ ማንጠልጠል የሻጭ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ዕድሜው አጭር መሆኑም ሳይደበቅ ይጻፍበት።