ያማረ አገር፣ ያላማረ ሥዕል

«ውበት እንደ ተመልካቹ ነው» የምትለው አባባል በሥዕል ዐውደ ርእዮቻችን ብዙ ክርክር አስቀርታለች። አንዱ «ይህ ሥዕል ደካማ ነው» ሲል ሌላው «እኔን ግን ደስ ብሎኛል» ይላል፤ ሦስተኛው ጣልቃ ገብቶ አባባሏን ይጠቅስና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ማንም አልተከፋም፤ ሥዕሉንም ደግሞ ያየው የለም። አባባሏ የትሕትና ልብስ ትልበስ እንጂ ውስጧ ስንፍና ነው።

ዓይናችን በእርግጥ የየራሳችን ቢሆን ኖሮ፣ በአዲስ አበባ የማስታወሻ ዕቃ መደብሮች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የመልክዓ ምድር ሥዕሎች እንዲህ አይመሳሰሉም ነበር። የምትጠልቅ ጀንበር፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ ግራር፣ እንስራ ያዘለች ሴት። ገዢ የሚወደው ከዚህ በፊት በሥዕል ያየውን ነው፤ ሻጭም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። «የራሴ ምርጫ» የምንለው አብዛኛው ነገር ልማድ ያስለመደን ነው።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል (1776–1837 እ.ኤ.አ.) ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከዚሁ ጋር ነበር። ወዳጁና ሥዕል ሰብሳቢው ሰር ጆርጅ ቦሞንት፣ ጥሩ ሥዕል የአሮጌ ቫዮሊን ቀለም ሊኖረው ይገባል ባይ ነበር። ኮንስታብል በቃል አልተከራከረውም ይባላል፤ አንድ አሮጌ ቫዮሊን አንስቶ ደጅ ለምለም ሣር ላይ አጋደመው። እውነተኛ ሣር ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። ቦሞንት የሚያደንቀው ቡናማነት ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ በአብዛኛው በጥንት ሸራዎች ላይ በዕድሜ ብዛት ከጠቆረ ቫርኒሽ የመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1830 ደግሞ የባሰ ሆነ። ኮንስታብል ያኔ የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ሙሉ አባልና ለዐውደ ርእዩ ሥዕል ከሚመርጡት አንዱ ነበር። በሳልዝበሪ አቅራቢያ ያለውን የወንዝ ዳር መስክ የሳለበት ሸራው በስሕተት አባል ካልሆኑ ሠዓሊዎች ሥራዎች ጋር ተቀላቅሎ መራጮቹ ፊት ቀረበ። የማን እንደሆነ ያላወቁት መራጮች አረንጓዴነቱን ተጸይፈው ጣሉት፤ ሠዓሊው እዚያው አብሯቸው ተቀምጧል። የማን እንደሆነ ሲታወቅ «እንመልሰው» ቢሉት እንቢ አለ። ሥዕሉ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

«እንግዲያው ሊቃውንቱም ከተሳሳቱ ለሁሉም የራሱ ይሁንለት» የሚል አይጠፋም። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው። ውበት እንደ ተመልካቹ ከሆነ እነዚያ መራጮች ምንም አልተሳሳቱም፤ አልወደዱትም፣ በቃ። ተሳሳቱ ካልን ግን ሥዕሉ ላይ የነበረ፣ እነሱም ሊያዩት ሲገባ ያላዩት ነገር አለ ማለታችን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ደግሞ መለኪያም አለ።

መለኪያውን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በመስከረም መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ማሳ ያየ ሰው፣ የጤፉ አረንጓዴ ከስንዴው፣ የስንዴው ከባቄላው፣ የባቄላውም ከባሕር ዛፉ አመድማ አረንጓዴ እንደሚለይ ያውቃል። ከቀለም ቱቦ እንደወጣ ዳር እስከ ዳር የተቀባ አረንጓዴ ያንን ማሳ አላየውም። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ማሳው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ደላክሯም የኮንስታብል መስክ ብልጫ ከብዙ ዓይነት አረንጓዴ መሠራቱ እንደሆነ በማስታወሻው ጽፏል። ኮንስታብል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ ሃምስቴድ ላይ ደመናን ደጋግሞ ሲስል፣ ከብዙዎቹ ሥዕሎች ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ያሰፍር ነበር። ደመናው እውነት መሆን አለመሆኑ ሊጠየቅ እንደሚችል ያመነ ሰው ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተን ግን የቦታውን ውበት ለሥዕሉ መስጠታችን ነው። የስሜን ተራራ ወይም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተስሎ ስናይ «ወይ አገር!» እንላለን፤ ምስጋናውን ሠዓሊው ይወስደዋል። አገሩ እኮ ያለ እሱም ያምር ነበር። በተቃራኒው፣ ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳየው «የድርቆሽ ጋሪ» በተባለው ሥዕሉ ላይ ያለውን እንቁጠር፦ ከአባቱ ወፍጮ አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የገባ ጋሪ፣ የጎረቤት ቤት፣ አንድ ውሻ፣ ደመና። የሰፈሩ ሰው በየቀኑ የሚያልፈውን ይህን ነገር ወደ 1.3 በ1.85 ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ ሳለው። ለንደን ላይ ሲታይ ገዢ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ላይ ግን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት።

ይህን ስል ሥዕል ፎቶ ይምሰል ማለቴ አይደለም። የኮንስታብልን ሸራ ቀርበው ሲያዩት ቅጠሉና ውሃው ላይ የተበተነው ነጭ ነጠብጣብ ቀለም ብቻ ነው፤ የዘመኑ ተቺዎችም በረዶ ነው ብለው ቀልደውበታል። ራቅ ብለው ሲያዩት ያው ነጠብጣብ እርጥብ ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ብርሃን ይሆናል። «ፎቶ ይመስላል» ተብሎ የሚደነቀው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያደርግም፤ ቀርበውም ርቀውም ያው ነው።

ስለዚህ ከመልክዓ ምድር ሥዕል ፊት ስትቆሙ «የት ነው ይሄ?» የሚለውን ጥያቄ አቆዩት። ስንት ሰዓት ነው? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ክረምት ነው በጋ? እኔ ሳላይ ያለፍኩትን ሠዓሊው ምን አየልኝ? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «ደካማ ነው» ወይም «ግሩም ነው» በሉ፤ ግን ምክንያታችሁን ጨምሩበት። ምክንያት የሌለው «ደስ ብሎኛል» ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ሥዕሉ የሚነግረን ነገር የለም።