ሳያነቡ መመርመር

ተማሪ ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብቦ እንዲመረምር ማዘዝ በጎ መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በአያት ሰፈር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የቀረበውን ሥራ ተመልክተን እጅግ አዝነናል። የታዘዘው መጽሐፍ በ1941 ዓ.ም. የታተመው የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ነበረ፤ ይኸውም በፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው። ለወጣት ከዚህ የቀረበ ጉዳይ ከቶ ምን አለ? ነገር ግን ጥራዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ጭብጥ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርያት» ይላሉ፤ ከሥሩም ከአንድ ስፍራ የተገለበጠ ቃል ሰፍሯል። ነጥቡም የተሰጠው ለሽፋኑ ማማር ነው።

«መጽሐፉ ለሁሉ አይዳረስም» የሚሉን አሉ። እንግዲያውስ አንዱን ቅጂ በክፍል ውስጥ እየተፈራረቁ ያንብቡት። በሚገባ የተነበበ አንድ ምዕራፍ ካልተነበበ መጽሐፍ ይበልጣል።

ሳያነብ መጻፍን የለመደ ልጅ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ሳያነብ የሚፈርም ሹም ይሆናል፤ ጉዳቱም የአገር ነው።

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል እንጂ አስጠርዞ አያስረክብም። መምህራን ሆይ፤ እናንተም ተማሪውን አቁማችሁ ጠይቁት፦ አርአያ መመለሱ ትክክል ነበረን? አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ምክንያቱን ከመጽሐፉ እየጠቀሰ በቃሉ ያስረዳ፤ ነጥቡም ለዚህ ይሰጠው።