ዘውድ ያልደፋውን ምኒልክ ቅረጹልን

ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከደጃችን ቀና ሲሉ እንጦጦ። ልጅ ሳለን የምናውቀው ምኒልክ አንድ ብቻ ነበር፤ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ዘውድ ደፍተው ፈረስ ላይ የተቀመጡት። ያ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ሲመረቅ እሳቸው ከሞቱ 17 ዓመት ሊሆን ነበር። ጣሊያን ነቀለው፣ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። ይቁም! ከሱ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ልጁን ከረሱት ጋር ነው። በ1848 ዓ.ም. አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ የ11 ዓመት ልጅ ነበር (ገና ልጅ ነውና «እሱ» ማለቴን ይማሩኝ)። አጼ ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዱት። እንደ ልጅ አሳደጉት፣ ልጃቸውንም ዳሩለት፤ ያም ሆኖ ምርኮኛ ምርኮኛ ነው። በ1857 ዓ.ም. ገና 21 ሳይሞላው ሚስቱን ትቶ ከመቅደላ ጠፋ።

ማን ተቀበለው? ወርቂት፤ ሙስሊሟ የወሎ ገዥ። የገዛ ልጇ አመዴ በቴዎድሮስ እጅ መያዣ ነበር። ምኒልክ እሷ ዘንድ መግባቱ ሲታወቅ ቴዎድሮስ ልጇን አስገደሉት። እንግዲህ አስቡት፤ ልጇን ያስበላባት ልጅ እጇ ላይ ነው። ማን ይጠይቃት ነበር? እሷ ግን አጃቢ ሰጥታ ወደ ሸዋ ሸኘችው። አድዋ የመጣው ከዚያ 31 ዓመት ቆይቶ ነው።

ቀራጺ ካለ ይህንን ይሥራልን። ዘውድ የለ፣ ካባ የለ። ከምናውቀው ፊት ላይ ጢሙንና ዓመቱን ይቀንስ፤ ዓይኑ ወደ ኋላ የሚገላመጥ፣ ያልተኛ ጎረምሳ ይሁን። ከጎኑ ወርቂት ትቁም። ቦታው? በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት እንጦጦ ነዋ! በ2013 ዓ.ም. ለተከፈተው ፓርክ፣ ለካፌና ለመዝናኛ ይህ ሁሉ ቦታ ከተገኘ ለአንዲት እናት ይጠፋል?

አንዱ ወገን «ንጉሥ ሲሸሽ እንዴት ይቀረጻል?» ብሎ ይቆጣኛል። ሌላው ምኒልክን በየትኛውም ዕድሜ ማየት አይሻም። እንካ ስላንትያው ይቀጥላል፤ ወርቂትን የሚያነሳት ግን የለም።

ባለፈው እሑድ ሽቅብ ስወጣ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ልጅ መንገድ ላይ አረፍ ብላ አገኘሁ። «ወርቂትን ታውቂያታለሽ?» አልኳት።

«የየትኛው ሠፈር ናት፣ ጋሼ?» አለችኝ።