በትራስ ልብስ ላይ ያሉት ወፎች ይሰብሰቡ

ሰው «ቴምብር እሰበስባለሁ» ወይም «የድሮ ገንዘብ እሰበስባለሁ» ቢል የሚስቅበት የለም። እኔ ግን የወፍ ምስል ያለበትን የቤት ዕቃ እንደምሰበስብ በክፍላችን በታወቀ ጊዜ ስሜ ተለውጦ «ቁራ» ተባልሁ። ምክንያቱም ዕቃ ፍለጋ ወደ አንዱ ቤት የገባሁ እንደ ሆነ፥ እንደ ኖኅ ቁራ ቶሎ ስለማልመለስ ነው ይላሉ። ስሙ አላስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ከሳቁ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ አሮጌ ጨርቅ ምን ያደርግልሃል?» የሚለው ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከጓደኞቼ ብቻ ሳይሆን ከአንዳንድ ወላጆችም አፍ ስለ ሰማሁት፥ መልሴን በመጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ፥ ወፍ በአገራችን የእጅ ሥራ ውስጥ እንግዳ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች፥ ብራናቸው በሳይንስ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ መካከል የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። በእነዚህ መጻሕፍት መጀመሪያ፥ የአራቱ ወንጌላውያን ቃል በሚመሳከርበት ሠንጠረዥ ገጾች ላይ፥ ከቅስቶቹ በላይ ወፎች ቆመው ይታያሉ። ቅዱስ ያሬድም ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ዜማዎች ከሰማይ በተላኩ ሦስት ወፎች እንደ ተማረ ስለሚነገር፥ ሥዕሉ ባለበት ብዙ ጊዜ ሦስቱ ወፎች አይጠፉም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሲሣሉ ደግሞ፥ ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ሌላ፥ በውኃ ጥም የደከመች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። (ሕፃን ሳለሁ ከአንበሶቹ ይልቅ ይህችን ወፍ ለማየት ነበር አንገቴን የማሰግገው።) በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላልም ከዚሁ ወገን ነው ብል ያጠፋሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ ጠባቂ አላቸው። መነኮሳት፥ ካህናትና ምእመናን ይጠብቋቸዋል፤ ሊቃውንት ይጽፉላቸዋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጠባቂ የሌላቸው በየቤታችን ያሉት ወፎች ናቸው፤ በትራስ ልብስ ላይ በቀይ ክር የተጠለፉት እርግቦች፥ በኪሮሽ በተሠራው ዳንቴል መካከል ያለችው ወፍ፥ በቡና ትሪ ላይ ጭራውን የዘረጋው ጣዎስ። ስለ እነዚህ ማንም አይጽፍም፤ ሲጠፉም ማንም ጠፉ አይልም።

እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አያቴ ወደ ልደታ የመጡት በልጅነታቸው፥ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገና ሳይከፈትና አውሮፕላን በልደታ ሜዳ ሲያርፍ በነበረበት ዘመን ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ለጋብቻ ሲታጩ፥ እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ፥ ሁለት የትራስ ልብሶች ጠለፉ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት እርግቦች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከበታቻቸው «መልካም ሌሊት» የሚል ጽሑፍ አለ። አያቴ በዚያን ጊዜ ፊደል አልቈጠሩም ነበር። ጽሑፉን አንዲት ጎረቤት በእርሳስ ጻፈችላቸው፤ እርሳቸውም ምን እንደሚል በቃል ተነግሯቸው በክር ተከተሉት። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ሲማሩ፥ ከትራሶቻቸው በአንደኛው ላይ የ«ሌ» ቀለበት በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ተጠልፎ አገኙት። «ፈትቼ ላርመው ብዬ ነበር፤ ግን እጄ እንቢ አለኝ» ይላሉ።

አሮጌው ሰፈራችን በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሲተካ፥ የአያቴ ሳጥን ከእኛ ጋር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ጠባብ ቤት ውስጥ ትልቅ ሳጥን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሰፈሬ ልጆች ያውቁታል። ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፥ አንድ ቅዳሜ ጧት ከታች «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ያረጁ ልብሶች ሰጥታ ሳፋ እንዳመጣ ላከችኝ። ሰውዬው ልብሶቹን አገላብጦ «አይበቃም» አለ። እኔም ተመልሼ ወደ ላይ ሮጥሁና ሳጥኑን ከፍቼ ሁለቱን የትራስ ልብሶች ጨመርሁለት። ሰማያዊ ሳፋ ይዤ ስገባ እናቴ ጎበዝ ብላ አመሰገነችኝ።

አያቴ ያወቁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ሳጥኑን ከፈቱ፤ ፈለጉ፤ መልሰው ዘጉት። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ሳፋው ዛሬም ጠርዙ ተሰንጥቆ ከቤታችን አለ፤ ባየሁት ቍጥር ዓይኔን አዞራለሁ።

የእኔ መሰብሰብ የተጀመረው ከዚያ ነው። አሁን በደብተሬ የተመዘገቡ 31 ዕቃዎች አሉ። ዘጠኙ የትራስ ልብሶች፥ ስድስቱ ዳንቴሎች፥ አራቱ ትሪዎች ናቸው። ሌላው ልዩ ልዩ ነው፤ ከነዚሁም ውስጥ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ፖስታ ካወጣቸው የወፍ ቴምብሮች አጎቴ የሰጡኝ ሦስቱ ይገኛሉ። ከ31ዱ በእጄ ያሉት ግን ዐሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት በባለቤቶቻቸው ቤት ናቸው፤ እኔ ዘንድ ያለው በወረቀት የገለበጥሁት መልካቸውና ታሪካቸው ነው።

ይህን ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። ሰብሳቢ ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ ወደ ቤልጅግ ሄዶ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢመለስም፥ የሚገዛ ሰብሳቢ ባይኖር የሚሰርቀው ባልኖረ ነበር። እኔ ራሴም አልተፈተንሁም አልልም። አንድ ቀን በአንድ ሱቅ ውስጥ፥ ከላይ ሁለት ወፎች የቆሙበት ትንሽ የናስ መስቀል አየሁ። ባለ ሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው» አለኝ፤ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ብሎ ይሆናል። ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር፤ ያዳነኝ ድህነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን፥ የጸሎት ዕቃ የሆነውን ነገር በዓይኔ እንጂ በእጄ ላለመሰብሰብ ወስኛለሁ።

አንዳንዶች «መሰብሰብ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይሉኛል። በእርግጥ ስታኒስላው ሆይናትስኪ የተባሉት ፖላንዳዊ ምሁር በዩኒቨርሲቲያችን ሲሠሩ የደከሙበት የሥዕልና የመስቀል ስብስብ ዛሬ በስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው ቤተ መንግሥት፥ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይታያል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ባይሰበስቡት ኖሮ ስንቱ በየሻንጣው ውስጥ አገር ጥሎ በሄደ ነበር! ይህ ለእኔ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስቀና ነው። ነገር ግን የልደታ ሴቶች የጠለፉትን የትራስ ልብስ ለመፈለግ ከሩቅ የሚመጣ ሊቅ አንጠብቅ፤ በሩን የምናውቀው እኛ ነን።

ሌሎች ደግሞ «ሁለት እርግብ ፊት ለፊት መጥለፍ ከውጭ አገር የተቀዳ ንድፍ ነው፤ ምኑ ቅርስ ይሆናል?» ይላሉ። ይሁን፥ ይቀዳ። የሚገርመኝ ከተቀዳ በኋላ የሆነው ነው። አንዷ የሠራችውን ሌላዋ በወረቀት ስትገለብጥ፥ የአንዲቱ እርግብ ደረቷ እንደ ዶሮ ወፍሯል፤ የሌላይቱ ክንፍ ቀጥ ብሎ እንደ አውሮፕላን ተዘርግቷል። (ይህችኛዋን የጠለፉት እናት በሜዳው አጠገብ ይኖሩ እንደ ነበር ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን።) ጽሑፉ አማርኛ ነው፤ ምኞቱም የእኛ ቤት ምኞት ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለም?

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ይሰጠን። ማንም ተማሪ ከቤቱ የወፍ ምስል ያለበት ዕቃ ቢያገኝ፥ ለልዋጭ ወይም ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ወደዚያ ያምጣው። ባለቤቱ ሊለየው ካልፈለገ ዕቃው ይቆይና መልኩ በወረቀት ይገልበጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደብተሩ ነው፤ ማን ሠራው፥ በስንት ዓመቷ፥ ለየትኛው በዓል ወይም ሠርግ፥ ክሩን ከየት ገዛችው የሚለው ካልተጻፈ፥ የተረፈው ጨርቅ ብቻ ይሆናል። የሚነግሩን እናቶችና አያቶች ዕድሜአቸው እየገፋ ስለ ሆነ ይህ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተው ሥራ አይደለም። የእኔ አያት ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችሉም፤ ሲናገሩ ግን የእያንዳንዱን ስፌት ስም ያውቁታል። ዐሥራ ሁለቱን ዕቃዎቼን ቁም ሣጥኑ በተገኘ ዕለት አስረክባለሁ።

ውድ ወላጆች፥ አንድ ሌላ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ፥ በቀይ ክር ሁለት እርግቦች የተጠለፉበትና «መልካም ሌሊት» የሚል ጽሑፍ ያለው ነጭ የትራስ ልብስ ብታገኙ «ሌ»ን ተመልከቱልኝ። ቀለበቱ በግራ በኩል ከሆነ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ንገሯቸው። ዕቃው የእናንተ ነው፤ መልሱልኝ አልልም። አያቴን ይዤ መጥቼ አንድ ጊዜ በእጃቸው እንዲዳስሱት ብቻ ብትፈቅዱልኝ ይበቃኛል።