ቪትዝን ሐረጎ አልገደላትም

ኮምቦልቻ ቡና ለመጠጣት ተቀመጡ፣ ወይም ደሴ ፒያሳ ላይ ታክሲ ጠብቁ፤ ወሬው መኪና ላይ በደረሰ ቁጥር ፍርዱ ያው ነው። «ቪትዝ እኮ የከተማ መኪና ናት፤ ሐረጎን አትችልም!» ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍታ ስትጨስ አንድ ቀን ያየ ሁሉ ምስክር ነኝ ይላል። እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው፤ የማድረው ኮምቦልቻ፣ የምውለው ደሴ ነው። ይህ ወሬ አንገቴ ድረስ ደርሷል። ቪትዝን ሐረጎ አልገደላትም። የምንገድላት እኛ ነን፤ ጋራዡ በመፍቻው፣ ባለቤቱ በንፉግነቱ።

መጀመሪያ የሚሰደበውን ሞተር እንየው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በመጡት ባለ 1 ሊትር ቪትዞች ላይ ያለው 1ኬአር-ኤፍኢ ይባላል፤ የሠራው የቶዮታ ቤተሰብ የሆነው ዳይሃትሱ ነው። 996 ሲሲ፣ ሦስት ፒስቶን፣ 12 ቫልቮላ፤ የሚዞረው በችንጋ ሳይሆን በካቴና ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 71 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ሙሉ ሞተሩ 70 ኪሎ አይሞላም፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ያነሰ ማለት ነው። ከ1 ሊትር በታች ባሉ ሞተሮች ምድብ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዷል። እኛ ዘንድ ግን «ሦስት እግር» ተብሎ ይሳቅበታል። ቆሞ ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ መካኒኩ «አንድ ፒስቶን ሞቷል» ብሎ ካንዴላ ያስለውጣል፣ ቦቢና ያስገዛል። ሦስት ፒስቶን ያለው ሞተር ሲፈጠርም ይንቀጠቀጣል! ከወትሮው ሲብስበት መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ነው፤ እሱን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ነገር አልክድም። 71 የተባለው ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ባገኘው አየር ልክ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር የምትደርሰው ቪትዝ የቀራት ጉልበት ከ53 ብዙም አይርቅም። ይሁን! አባቶቻችን ይነዷት የነበረችው ባለ 1,200 ሲሲ ፎልስዋገን ገና ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 34 ነበር። ጉልበት ሲያንስ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን በዙር ይዞ፣ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። የዚህ ሞተር ጉተታ የሚበረታው 3,600 ዙር አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ሰው «ቤንዚን እንዳትበላ» ብሎ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተች ያስወጣታል። ደግሞም ጉልበት ማነስ ሌላ፣ መፍላት ሌላ ነው። ደካማ መኪና ቀስ ብላ ትወጣለች እንጂ አትፈላም። ከፈላች አንድ ነገሯ ተበላሽቷል፣ ወይም አንድ ሰው አበላሽቶባታል።

ማን እንደሚያበላሽ ልንገራችሁ። የጎረቤቴን መኪና ይዘን አንድ ጋራዥ ገባን፤ የትኛው እንደሆነ ተዉት፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ልጁ እጁ ፈጣን ነው። ሁለት ብሎን ፈታ፣ መሐሏ ጸደይ ያላት ትንሽ ብረት መዝዞ አወጣና ዘይት በጠጣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየን። «ጋሼ፣ ጠንቋ ይቺ ናት። ለበረዶ አገር የተሠራች ናት፤ እኛ አገር ምንም አታደርግም። አብሽር፣ ከዛሬ ጀምሮ አትሞቅም!» ብሎ ወደ ቆሻሻው ባልዲ ወረወራት። እኔም እጄን ባልዲው ውስጥ ከትቼ አወጣኋትና እዚያው ተጨቃጨቅን። ልጁ የተናገረው የራሱን ፈጠራ አይደለም፤ ከአለቃው የሰማውን ነው፣ አለቃውም ከአለቃው።

ያቺ ብረት ቴርሞስታት ናት። ሥራዋ ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ መዝጋት፣ ከዚያ መክፈት ነው። እሷ ከወጣች ሞተሩ ጠዋት ከኮምቦልቻ ተነስቶ መሞቅ ያቅተዋል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ከታችኛው ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ከወራት በኋላ ባለቤቱ ተመልሶ «ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዘይት ትበላለች» ሲል ያው መካኒክ «ሞተሯ አርጅቷል፣ ይውረድ» ይለዋል፣ ለማውረዱም ያስከፍለዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይማ ጭራሽ ወደ ራዲያተር መሄድ የነበረበት ውሃ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ፣ ቴርሞስታት የወጣባት መኪና ዳገት ላይ የባሰ ትሞቃለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው።

ታዲያ ለምን ትፈላለች? ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ውሃውን በዚያ ያህል ግፊት አፍኖ ይይዘዋል ማለት ነው። ደሴ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የመኪናው ቬንትሌተር የሚነሳው ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። አያችሁ? የክዳኑ ጎማ ከተበላና ግፊቱ ከተነፈሰ፣ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ግን ያው ውሃ 110 ዲግሪ እንኳ ደርሶ አይፈላም። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው በደከመ ክዳን ብዙ ሊነዳ ይችላል፤ ሐረጎን የሚወጣ አይችልም። ተራራው የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው፤ በቸልታ የተተወውን ክዳን ያጋልጣል። እኛ ግን ክዳኑን ትተን ቴርሞስታት እንነቅላለን!

ቀጥሎ ውሃ ፖምፓው። የዚህ ሞተር እውነተኛ ደካማ ጎን እሱ ነው፤ ያንጠባጥባል። ዙሪያው ላይ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ እድፍ ካያችሁ ጊዜው ደርሷል። እኛ ግን ኩላንት አውጥተን የቧንቧ ውሃ እንሞላለን፤ ውሃው ውስጡን ያዝጋል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች በደለል ይደፍናል። በዚያ ላይ ይህች መኪና የሙቀት ቆጣሪ የላትም፤ ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ስትሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ናት። ቀዩ ሲበራ አደጋው መኪናው ውስጥ ገብቷል። ሞተሩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፤ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። እኛ ምን እንላለን? «ደሴ ቀርቧል፣ እንግባ!»

ቁልቁለቱንም አልተውነውም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ማርሽ ፎሌ አድርጎ መንሸራተት ጀግንነት ሆኗል፤ «ቤንዚን እቆጥባለሁ» ነው ምክንያቱ። ይህ የካርቡራተር ዘመን ወሬ ነው። በኢንጀክተር የሚሠራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ካልረገጣችሁት ቤንዚኑን ጭርሱን ይቆርጣል፤ ጎማው ነው የሚያዞረው። ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ብሎ ያቃጥላል። በሐረጎ መጠምዘዣዎች ላይ ቤንዚን እየጨመራችሁ፣ ፍሬኑን እያቃጠላችሁ፣ ሕይወታችሁን ታስይዛላችሁ። ኦቶማቲክ ለሚነዳም ዝቅተኛ ማርሽ አለለት፤ ለጌጥ አልተሠራም።

ዘይቱን ሳስብማ ደሜ ይፈላል። ሞተሩ የሚይዘው ከ3 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። በዚህ ላይ 1 ሊትር ሲጎድል ሲሶው ሄደ ማለት ነው፤ ዲፕስቲኩን መዞ የሚያይ ግን የታለ? ከሚሊዮን ብር በላይ የከፈለ ሰው 5ደብሊው-30 ዘይት ለመግዛት ይንገበገብና 20ደብሊው-50 ያስሞላል፤ «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» ተብሎ ተነግሮታላ! ካቴናውን የሚወጥረው፣ የቫልቮላውን ጊዜ የሚያስተካክለው በቀጭን ቀዳዳ የሚሄድ ዘይት ነው። ወፍራሙ በብርድ ጠዋት እዚያ እስኪደርስ ካቴናው ይንኳኳል። ከፊልትሮ ጋር በጊዜው ያልተለወጠ ዘይት ፋሻውን ያጣብቃል፣ ከዚያ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ስለሚሸጠው ቤንዚን ብዙ አልልም፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምጮኸው ቪትዝን ወድጄ አይደለም፤ ሌላ ስለሌለ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናግረዋል። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። ግን አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ተተኪ የላትም ማለት ነው፤ የመለዋወጫዋም ችግር ከዓመት ዓመት ይብሳል። አዲስ እንዳይገባ የሚከለክል መንግሥት ያለውን የማይገድል መካኒክ ማፍራት ግዴታው አይደለምን? ማንም መፍቻ የያዘ ጋራዥ ይከፍታል፤ ቴርሞስታት ለምን እንደተሠራ የሚጠይቀው የለም።

እዚሁ ከተማችን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መምህራኑን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ቅዳሜ የጋራዥ ልጆችን ጥሩ፤ አንድ ቴርሞስታት ውሃ ውስጥ ጥዱና በቴርሞሜትር እየለካችሁ ሲከፈት አሳዩአቸው። አንድ ብረት ምጣድና አንድ ምድጃ ይበቃል። እናንተ የመኪና ባለቤቶች ደግሞ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና ጎማውን እዩ። ቴርሞስታታችሁ ወጥቶ ከሆነ አዲስ ግዙና እዚያው ፊታችሁ አስገጥሙ፤ ደረሰኙንም ያዙ።