የጤና ጣቢያ ሥራ ከበሩ ይጀምራል

የ2012 ዓ.ም ረመዳን ከአእምሯችን አይጠፋም። ጾሙ የገባው ሚያዝያ 16 ቀን ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ የጀማዓ ሶላት ቀርቶ፣ ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን።

ያንን ጊዜ ስናነሳ ስለ ሐኪምና ስለ ኦክስጅን ብዙ እናወራለን። ይሁንና በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት ወይም በእስቴ ገጠር የሚኖር ቤተሰብ ሲታመም ቀድሞ የሚያገኘው የደብረ ታቦርን ሆስፒታል አይደለም። ቀድሞ የሚያገኘው ጤና ኬላውንና ጤና ጣቢያውን ነው። በአሠራሩ አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን ይደግፋል፤ አንዱ ኬላ ደግሞ ለ5,000 ያህል ሰው የታሰበ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ዞራ ማን እንደሚያስል፣ ማን ከሩቅ አገር እንደመጣ ታውቃለች። ያየችውን ለጤና ጣቢያው ትነግራለች፤ ጤና መኮንኑ ይመረምራል፤ የጠናበትን ወደ ሆስፒታል ይልካል።

በእኔ እምነት ይህ ቡድን የሚለካው በትልቁ ባለሙያ ችሎታ ብቻ አይደለም። አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ሲናገር ይደመጣል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የበሩ ጥበቃ የሚያስለውን ሰው ሕፃናት ለክትባት ከተሰለፉበት ጋር ቢቀላቅለው፣ ውስጥ ያለው ሐኪም ያንን ሊመልሰው አይችልም። የጽዳት ሠራተኛዋ «በረኪና አልቋል» ስትል «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነን» ከተባለች፣ ቡድኑ ፈርሷል ማለት ነው። ኃላፊዎች በየማለዳው ለአሥር ደቂቃ ቢሆን ጥበቃውን፣ የካርድ ክፍሏን፣ አዋላጇንና የመድኃኒት ባለሙያውን በአንድ ላይ ቢያነጋግሩ ብዙ ጉድለት በጊዜ ይታያል።

እኛ ቤተሰቦችም የዚህ ቡድን አካል ነን። በር ላይ ስንጠየቅ ሳሉን መደበቅ የለብንም። በረመዳን ደግሞ አንድ የተለመደ ጉዳይ አለ፤ በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት ለኢፍጣርና ለሱሁር በራሳችን እናዛውራለን። ነርሷም፣ የመድኃኒት ባለሙያውም ይህን አያውቁም። እነሱ «ይጾማሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁን፤ ባይጠይቁም እኛ እንንገራቸው። በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ጾሙ ሳይገባ ቢማከሩ ይበጃል። ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን የማስተላለፍ ፈቃድ እንዳለው ኢማሞቻችን ያስተምራሉ፤ የጤና ባለሙያውና ኢማሙ አንድ ቃል ቢናገሩ ታማሚው አይወላውልም።

ስለዚህ በደብረ ታቦርም፣ በወረታም፣ በአዲስ ዘመንም ያሉ የመስጂድ ኮሚቴዎች የሠፈራቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋብዘው ከሶላት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቢያስናግሯት መልካም ነው። ማታ ተረኛ ሆነው ለሚያፈጥሩ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችም ከቤታችን ሾርባና ቴምር እንላክላቸው፤ ስንልክ ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን አንርሳ።

መልካም የረመዳን ጾም!